መናወጥን ለሌላው ስላለማሳለፍ

ሰው ቢስክሌት እየነዳ ፊልም ሲያነሣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለራሱ መንገድ ይመራል፤ ለሌላውም ሰው ዓይን ይሆናል። መንገዱ ሻካራ እንደ ሆነ ግን ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ወጣቶች ይህን ለማዳን ብለው ካሜራውን ከቢስክሌቱ ጋራ አጥብቀው ያስሩታል፤ ክንዳቸውንም እንደ እንጨት ያደርቁታል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ደረቅ ነገር የደረሰበትን ምት ሳይቀንስ ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል፤ የሚታጠፍ ነገር ግን ምቱን በራሱ ተቀብሎ ያበርደዋል።

ይህንንም የቢስክሌት ታሪክ ያስተምረናል። የከብት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ ሲኖር፥ ልጁ በሚነዳት ባለ ሦስት እግር ቢስክሌት ድፍን ጎማ መንገጫገጩን አይቶ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራለት፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም በ1888 የፈጠራ መብት አወጣበት። ኋላም በ1970ዎቹ ዓመታት አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ስቴዲካም የተባለውን መሣሪያ ሲፈጥር፥ ካሜራውን ከአንሺው አካል ጋራ ያገናኘው ሞላ ባለው ተጣጣፊ ክንድ ነው።

ባለቤቴ እግሯን ታምማ ከቤት መዋል ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። የምንኖረው በባሕር ዳር ነው። የልጅ ልጃችን ዱሮ ትመላለስበት የነበረውን ወደ ጣና ዳር የሚወስደውን መንገድ ሊያሳያት ፈልጎ፥ ስልኩን በቢስክሌቱ መሪ ላይ አስሮ ቀርጾ አመጣላት። የኮብልስቶኑ ንዝረት በመሪው በኩል ወደ ሥዕሉ ገብቶ ስለ ነበር፥ ጥቂት እንዳየች ራሷን አዞራት፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ልጁ አላኮረፈም። ስልኩን ከመሪው ፈትቶ በማንገቻ ደረቱ ላይ አሰረው፤ የጎማውን ነፋስ በጥቂቱ ቀነሰ፤ ድንጋዩ በበዛበት ስፍራም ከኮርቻው ብድግ ብሎ፥ ክርኑንና ጉልበቱን አጥፎ በዝግታ ነዳ። መሪውን በሁለት እጁ ስለ ያዘ ዓይኑ ከመንገዱ አልተለየም። የተረፈውን ጥቂት መናወጥ ስልኩ ራሱ የሥዕሉን ጠርዝ እየከረከመ አቃናው። ያን ቀን ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ተመለከተች፤ የምታውቀውን ዋርካ ባየች ጊዜም «አሁንም አለህ?» አለችው።

ወጣቶች ሆይ፥ የመንገዱ ድንጋይ ዛሬም በቦታው ነው፤ የተለወጠው ምቱ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። የልጁ ጉልበትና ክርን ተቀበሉት፤ ወደ አያቱ ዓይን አላሳለፉትም። በኑሮም እንዲሁ ነው። በገበያ የተሰደበ ሰው ቤቱ ገብቶ ልጁን ቢቆጣ፥ አለቃው የገሠጸውም ተላላኪውን ቢያመናጭቅ፥ ያገኘውን ድንጋይ ምንም ለማያውቅ ሰው አሳለፈ ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ተበደሉ ማለቴ አይደለም። ለበደላችሁ ሰው በደሉን በግልጽ ንገሩት፤ ላልበደላችሁ ግን አንገጫግጫችሁ አታድርሱበት።