የሞግዚትነትን ዋጋ የሚከፍል ማን ነው?

ሕፃን ያለ ጠባቂ እንደማያድግ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የጠባቂውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ብዙ ጊዜ አንመረምርም። እኔ ይህን ነገር የተማርሁት ከገዛ ቤቴ ስለ ሆነ፣ ለቤተሰብ በተመደበው በዚህ ገጽ ላይ ልናገረው ወደድሁ።

ትውልዴ በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆላ፣ በቆቦ ነው። አገሩ በስተ ምሥራቅ በዞብል ተራሮች የተከለለ፣ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልበት ሞቃት ሜዳ ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እናታችን ጠላ እየሸጠች አሳደገችን። እኛም ሦስት ነበርን፤ ታላቅ እኅቴ፣ እኔና ገና ጡት ያልጣለ ታናሽ ወንድማችን። የትምህርት ጊዜ በደረሰ ጊዜ እናታችን ሁለታችንንም ለመላክ ፈቃድዋ ነበር፤ ነገር ግን እርስዋ ወደ ገበያ ስትወጣ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ እኔ ደብተር ያዝሁ፤ እኅቴ አንቀልባ ያዘች።

«ልጁ እግር ሲያወጣ አንቺም ትገቢያለሽ» ተባለች። ልጁ እግር አወጣ። በዚያን ጊዜ ግን የእርስዋ ዕድሜ አልፎ፣ የቤቱም ሥራ በትከሻዋ ላይ ሰፍሮ ስለ ነበረ ሳትገባ ቀረች። እኔ ተምሬ ሥራና ደመወዝ አገኘሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈውን ቃል እኅቴ ሰው ካላነበበላት በቀር ልታውቀው አትችልም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ስሙን በማልጠራው በአንድ ከተማ በጀት ከሚመረምሩት ሰዎች አንዱ ሆንሁ። አንድ ቀን በቀበሌ ቤት የሚኖሩ ድኾች እናቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲቋቋምላቸው የሚለምን ማመልከቻ ቀረበልን። የተጠየቀው ነገር ብዙ አልነበረም፤ የሁለት ሞግዚቶች ደመወዝ፣ ምንጣፍ፣ የውኃ በርሜልና የገንፎ ዱቄት ነበር። እኔም ብዕሬን አንሥቼ ሰረዝሁት፤ በጠርዙም ላይ «ይህ የእናቶች ሥራ ነው» ብዬ ጻፍሁበት። ከተሰብሳቢው አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመኝም። እኅቴም በዚያን ቀን ትዝ አላለችኝም።

ባለፈው ዓመት ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቆቦ ሄጄ በአንድ የቀበሌ ቤቶች ግቢ አረፍሁ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ እንደ ገቡ አንባቢ ያስታውሳል። የጭቃው ግድግዳ ተያይዞ የተሠራ፣ ውኃውና መጸዳጃው የጋራ የሆነ ግቢ ነው። ከረፋዱ በኋላ አዋቂ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሄዶ በግቢው ውስጥ ሕፃናት ብቻ ቀሩ። ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ ሌላውን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ በእጅዋ እየጎተተች አየሁ።

«ልጄ፣ ዛሬ ትምህርት የለም?» አልኋት።

«አለ አባባ። እናቴ ሽንኩርት ልትነቅል ወደ መስኖው ሄዳለች። እነሱን የሚይዝልኝ የለም» አለችኝ።

«እንግዲያው መቼ ትገቢያለሽ?»

«ይህ ያዘልሁት እግር ሲያወጣ» ብላ መለሰችልኝ።

ይህን ቃል ስሰማ ስለ ደነገጥሁ የምናገረው ጠፋኝ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ በእኛ ዘመን ያልነበረ ሀብት ነው። የእኅቴ ቃል ግን ሳይለወጥ ቆይቶ በሌላ ልጅ አፍ ተገኘ።

እናቲቱ ወደ ማታ እጅዋ አፈር ለብሶ መጣች። ባልዋ ሥራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር ሄዶ ወሬው እንደ ራቀ ነገረችኝ። ልጅቱን ስለ ምን ወደ ትምህርት ቤት እንደማትልካት በጠየቅኋት ጊዜ፣ «አባቴ፣ አንቱው ይፍረዱ። ሥራውን ብተው ማታ ምን አበላቸዋለሁ? አዝዬው ብሄድ አሠሪው አይወድም፤ ፀሐዩም ሕፃኑን ይፈጀዋል። ልጄን መበደሌንስ መች አጣሁት» አለችኝ።

እንግዲህ የሰረዝሁት ወጪ በእርግጥ እንዳልቀረ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ከመንግሥት መዝገብ ቢፋቅም በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ተጻፈ፤ እርስዋም በየዓመቱ አንድ አንድ ክፍል እያጎደለች ትከፍለዋለች። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃን ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ወንድምዋን የምታዝል ልጅ ግን በማንም መዝገብ ሠራተኛ ተብላ ስላልተጻፈች ከልካይ የላትም።

ለደመወዝተኛ እናት አስቀድሞ ታስቦላታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች ሴቶች ሠራተኞቻቸው ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በቢሮ ወንበር ለምትቀመጠው እናት የተገባው ነገር፣ በሽንኩርት ማሳ ለምታጎነብሰው እናት የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የዜሮ ክፍልም ለስድስት ዓመት ልጅ የታሰበ ነበር። ጡት ከሚጥልበት ጊዜ እስከ አራት ዓመት ያለው ሕፃን ግን በድኻ ሰፈር የታላቅ እኅቱ ዕዳ ሆኖ ቀርቷል።

«መንግሥት ገንዘብ ከየት ያመጣል?» የሚል ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔም ያንኑ ስል ነበርና። መልሱን በህንድ አገር ሕግ እናገኘዋለን። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2005 የወጣው የገጠር ሥራ ዋስትና ሕግ፣ በአንድ የሥራ ቦታ ከእናቶቻቸው ጋር የመጡ ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች አምስትና ከዚያ በላይ ቢሆኑ፣ ከሴቶቹ አንዲቱ ልጆቹን እንድትጠብቅና የቀን ደመወዝዋ እንዲከፈላት ደነገገ። የሕጉ ጥበብ ልጅ መጠበቅን እንደ መንገድ ጠረጋና እንደ እርከን ሥራ መቁጠሩ ነው። በእኛም አገር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር በመመሪያው ሥራ በሚሠራበት ቦታ ለሕፃናት ማቆያ እንዲዘጋጅ አስቦ ነበር። ስለዚህ አሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የጎደለው በበጀት መዝገብ ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው።

እኔ የምለምነው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በእያንዳንዱ የቀበሌ ቤቶች ሰፈር አንድ ክፍል ይመረጥ፤ ከሰፈሩ እናቶች ሁለቱ ታምነው ይመደቡ፤ ደመወዛቸውም ከመንግሥት ይከፈል። ጥላ፣ ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃና የቀትር ገንፎ ይዘጋጅ። እናቶችም እንደ ዐቅማቸው ጥቂት ያዋጡ፤ ሒሳቡም በየወሩ በፊታቸው ይነበብ። የጤና ሠራተኛም በየጊዜው ትጎብኘው። ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ መያዙ መልካም ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትዋም የቀን ሥራ ከወጣች ልማዱ ብቻውን በር አይጠብቅም።

የተከበራችሁ ሹማምንት ሆይ፤ የበጀት ዓመቱ በሐምሌ 1 ቀን ከመጀመሩ በፊት እንዲህ ያለ ማመልከቻ በፊታችሁ ይቀርብ ይሆናል። ለመሰረዝ ብዕር ባነሣችሁ ጊዜ ዋጋውን በእናንተ ፈንታ የምትከፍለውን ልጅ ዕድሜዋንና ክፍልዋን ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ሰረዝሁ። እኅቴ ይህ ጽሑፍ በተነበበላት ጊዜ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እንግዲህ ለእርስዋ ይድረስላት» አለችኝ። እኔም ይህንኑ ቃልዋን ለእናንተ አደርሳለሁ።