አንድ ማታ ብወጣ

ውድ አንባቢዬ፣ ለመሆኑ ባለቤትሽ አምሽቶ ሲመጣ «የት ነበርክ?» ብሎ የጠየቀው ጎረቤት አለ? አንቺ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ብትታዪ፣ መጋረጃ ገልጦ የሚያይሽ አይጠፋም። የዛሬው ጨዋታችን ከዚሁ ይነሣል።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ለዘመድ ሰርግ ወደ ደብረ ታቦር ሄጄ ታላቅ እህቴ ቤት አርፌ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ የነበረችው ደብረ ታቦር ደጋ ናት። ጥር ላይ ፀሐይ ስትገባ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እህቴ ቀን መሥሪያ ቤት፣ ማታ ጓዳ የምትውልና የምታመሽ የአራት ልጆች እናት ናት። ሰርጉ ባለፈ ማግስት ራት ስናቀርብ፣ ከመንገዱ ማዶ የማሲንቆ ድምፅ ተሰማ። እህቴ ማማሰያውን እንደያዘች ቆም አለች።

«እትዬ፣ ለምን አንሄድም?» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል? ሰው ምን ይለኛል! ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚሁ ጓዳ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።»

ባለቤቷ ሰምቶ ኖሮ፣ «ልጆቹን እኔ አስተኛለሁ፤ ሂዱ። አራት ሰዓት ላይ መጥቼ እወስዳችኋለሁ» አለን። ይህን ቃል ልብ በይልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ጋቢያችንን ደርበን ገባን። የቤቱ ባለቤት ሴት ናት። ጠጁን በብርሌ፣ ጥብሱን ከነአዋዜው፣ የገብስ ቆሎውን በሰፌድ አቀረበችልን። አዝማሪው በቀጭን በትር በተወጠረው ቆዳ ላይ ያቺን አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ሲገዘግዛት፣ ሚስቱ በዘፈን ትቀበለዋለች፤ በእስክስታም ትወርዳለች። ከእንግዶቹ መካከል ግጥም የሚያውቅ «ተቀበል!» እያለ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜማል። ደስ ያለው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል።

እህቴ መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ዘፋኟን በዓይኗ ጥግ እያየች፣ «ባለትዳር ሆና እንዲህ ታድራለች?» አለችኝ። ጥቂት ቆይቶ ሴትዮዋ ዘፈኗን አቋርጣ ወደ ጓዳ ገባች። በተከፈተው በር አሻግረን ስናይ፣ መደብ ላይ ያስተኛቻትን ሕፃን አንሥታ ታጠባለች። አጥብታ፣ አስተኝታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ ተመለሰችና ካቆመችበት ቀጠለች። እህቴ ዝም አለች። «እሷም እንደኛው ናት፤ ሥራዋ ማታ ሆነ እንጂ» አለችኝ በመጨረሻ።

ከዚያም ያልጠበቅሁት ሆነ። እህቴ ነጠላዋን ከራሷ አወረደችና «ተቀበል!» አለች።

ከጭሱ ጋር ኖሬ ምድጃውን ሳነድ፣
አንድ ማታ ብወጣ ማን አለ የሚፈርድ?

ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ዘፋኟ እየሣቀች መጥታ ትከሻዋን ሳመቻት። አራት ሰዓት ላይ ባለቤቷ እንደ ቃሉ ደጅ ቆሞ ሲጠብቀን፣ እህቴ መንገዱን ሁሉ ስታንጎራጉር ነበር።

አንባቢዬ፣ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ስንቶቻችን ለስድብ ተጠቅመንበታል? ልጅ ሲያስቸግረን «ይህ አዝማሪ!» እንላለን። አዝማሪ ግን በመሳፍንቱ አዳራሽ የሚያሞግስና የሚወቅስ፣ የሕዝቡን ብሶት በሰምና ወርቅ የሚናገር ሰው ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ በወረራው ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም. አዝማሪዎችን እያደነ የገደለው ማሲንቆ ስለፈራ አልነበረም፤ ቃላቸውን ስለፈራ ነው። በክራሯ የምናስታውሳት፣ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ የነበረችው አስናቀች ወርቁም፣ መስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር አለቀሰላት። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መቆሟ እንደ ነውር በሚታይበት ጊዜ ስትጀምር ግን አብሯት የቆመው ሰው ጥቂት ነበር።

ይህን ሁሉ ማለቴ «እናቶች ሆይ፣ ቤታችሁን ትታችሁ ጠጅ ቤት እደሩ» ለማለት አይደለም። መጠጡ በልክ፣ መውጣቱም በተራ ሲሆን ነው የሚያምረው። እዚህ ላይ ነው የእህቴ ባል ቃል የሚመጣው። «ሂጂ» ማለት ቀላል ነው፤ «ልጆቹን እኔ አስተኛለሁ» ማለት ግን ሥራ ነው። ባልሽ ይህን ካላለ፣ ሳትቆጪ ንገሪው። ብቻሽን ላለመሆን ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ፤ የምትመለሺበትን ሰዓትና መንገድ አስቀድመሽ ተነጋገሪ። ለአዝማሪዋም ሽልማቷን በአክብሮት ስጪያት፤ ያቺ ብር የሕፃን ወተት ናት።

ያ ምሽት ካለፈ ብዙ ሆኗል። በክልሉ በተነሣው ግጭት የተነሣ በሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ ማምሸት ለሴቱም ለወንዱም የሚያሰጋባቸው ብዙ ሌሊቶች አልፈዋል። እንጀራቸው ከሌሊት ጋር የተሳሰረ ቤተሰቦች ምን ያህል እንደሚጎዱ፣ ያቺን የምታጠባ ዘፋኝ ያየ ሰው ይረዳዋል። ሰላም ስንል ብዙ ጊዜ ትልልቁን ነገር እናስባለን። ለኔ ግን ሰላም ማለት አንዲት እናት ምድጃዋን አዳፍና፣ ጋቢዋን ደርባ፣ መንገዱን ተሻግራ ማሲንቆ የምትሰማበት፣ በሰላምም የምትመለስበት ማታ ነው።