ከቶሮንቶ የበር ደወል ወደ ጀጎል ግቢ፦ የቤት ካሜራ መቅረጫ ስለመምረጥ

የሹዋሊድ በዓል ሲቃረብ ወደ ሐረር ለመሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጁ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። "ለቤተሰብ የደህንነት ካሜራ ይዤ ልሄድ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?" ይሉኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። እዚህ በራችን ላይ የሰቀልነውን ዓይነት ይዛችሁ አትሂዱ። እዚያው ስትደርሱ በኬብል የሚሠራ፣ የራሱ ሃርድ ዲስክ ያለው መቅረጫ፣ ዲቪአር፣ አስገጥሙ። ምክንያቱን በስልክ ማስረዳት ስለሚረዝም ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ በምኖርበት ቶሮንቶ የቤት ካሜራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የበር ደወሉን ነው። በባትሪ ይሠራል፣ በዋይፋይ ይገናኛል፣ የቀረጸውን ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይልካል፤ እኛም ለማስቀመጫው በየወሩ እንከፍላለን። ለዚህ ከተማ ኑሮ ይስማማል። ቀን ቀን ሰፈሩ ጭር ይላል፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። በር ላይ የተተወ ዕቃ ቢጠፋ አየሁ የሚል ጎረቤት አይገኝም። መኪናም እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በከተማዋ ከ12,000 በላይ ተሰርቋል። ስለዚህ ካሜራው የሌለውን ጎረቤት ተክቶ ይሠራል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በጥር ብርድ ባትሪው ይደክማል፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሲወርድ የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ አይቀበልም። ከዚያ በላይ ደግሞ ቪዲዮው ያለው በሌላ ሰው እጅ ነው። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የአማዞን ንብረት የሆነውን ሪንግን ሠራተኞቹ የደንበኞችን የግል ቪዲዮ ማየት ይችሉ ነበር ብሎ ከሶት፣ ኩባንያው 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ካሜራ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያስገቡ ሴቶች ቪዲዮ ሳይቀር ታይቶ ነበር።

አሁን ወደ ጀጎል፣ በግንብ ወደታጠረው ጥንታዊው የሐረር ከተማ፣ እንግባ። ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአሚር ኑር ስም ጋር የተያያዘ ነው። በአምስቱ ጥንታዊ በሮች የሚገባበት፣ ከ50 ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ የተጠጋጋ ከተማ ነው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትከሻውን ያዞራል። አንድ የግቢ በር ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ ያገለግላል፤ ገብተህ ግቢው መሀል ስትቆም የሁሉም ቤት በር ይታይሃል። ቤቱ ራሱም ገቢና ወጪን ለማየት ታስቦ የተሠራ ነው። ጌይ ጋር በሚባለው በሐረሪ ቤት ውስጥ ካሉት መደቦች አንዱ፣ አሚር ነደባ፣ አባወራው የሚቀመጥበት ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጎረቤት አለ፣ አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር አለ፣ መንገዱ ላይ የሚጫወቱ ልጆች አሉ። የማያውቁት ሰው ሲገባ ማን ፈልጎ እንደመጣ ሳይጠየቅ አያልፍም።

ታዲያ እዚያ የምትኖረው እናቴ ካሜራ ለምን አስፈለጋት? ሌባ ለማሳደድ አይደለም። ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ከነደባው ተነሥታ መውጣት ከብዷታል። ማን እንደመጣ ከተቀመጠችበት ማየት ፈለገች። ለቅሶ ወይም አፎቻ ስትሄድ ደግሞ ቤቱ ለሰዓታት ባዶ ይሆናል፤ ድሬዳዋ እህቷ ጋ ስትሄድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ትቆያለች። ይህን ፍላጎት መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል፤ የምትገዙት ዕቃ የሚወሰነው በእሱ ነውና። ከውጭ ሆነን ስናስብ ግን ብዙዎቻችን የምናስበው እኛ በስልካችን እንዴት እንደምናይ ነው። እናቴ ደግሞ ስልኳን የምትጠቀመው ለመደወል ብቻ ነው። ዲቪአሩ በኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥኑ ጋር ይያያዛል፤ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ጠቅ ስታደርግ የግቢው በር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

የኢንተርኔቱን ነገር ጠንከር አድርጌ የምናገረው በምክንያት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ቅጂውን ወደ ሰርቨር የሚልክ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ሆኖ ከመቅረት ውጭ ምርጫ አልነበረውም። ቤተሰብ ካሜራውን ይበልጥ የሚፈልገው ደግሞ እንደዚያ ባለ ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ጊዜም ቢሆን ሒሳቡ አያዋጣም። ባለ 2 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ በቀን 21.6 ጊጋባይት ይሆናል። ያንን በሞባይል ዳታ እያስሞሉ መላክ የሚችል ቤተሰብ የለም። ዋይፋይም በጀጎል ቤት አይሆንም። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ወፍራም ነው፤ ሳሎን ያለው ራውተር ግቢ በር ላይ ለተሰቀለው ካሜራ አይደርስም።

ስለዚህ ኬብል። ኬብል ከተባለ ደግሞ ሁለት መንገድ አለ፤ በኮአክሲያል ኬብል የሚሠራው ዲቪአርና በኔትወርክ ኬብል የሚሠራው ኤንቪአር። ኤንቪአሩ ጥራቱ ይሻላል፣ መብራቱንም በዚያው ኬብል ይሰጣል። ለጀጎል ግቢ ግን እኔ ዲቪአርን እመርጣለሁ። ካሜራ ሲበላሽ ድሬዳዋ ሄዶ ሌላ ገዝቶ መተካት ቀላል ነው፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ነው። የተለያየ ኩባንያ ካሜራ ቀላቅሎ መጠቀምም ይቻላል። የአካባቢው ገጣሚ ባለሙያም በደንብ ያውቀዋል፤ እኛ ተመልሰን ቶሮንቶ ከገባን በኋላ የሚጠግነው እሱ ነው። አራት ቻናል ለአንድ ግቢ ይበቃል፤ ዋጋው ብዙ ካልራቀ ግን ስምንት ቻናሉን ግዙ፤ ኋላ አንድ ካሜራ ለመጨመር መቅረጫውን መቀየር ያሳዝናል።

ሃርድ ዲስክ ላይ አትቆጥቡ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲስክ ቀንና ሌሊት እንዲጽፍ አልተሠራም፤ ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ይለያል፣ ዋጋውም ብዙ አይርቅም። ከላይ ባልኩት መጠን አራት ካሜራ በቀን 86 ጊጋባይት ያህል ይጽፋል። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ11 ቀን በኋላ የቆየውን መደምሰስ ይጀምራል፤ ባለ 2 ቴራባይቱ 23 ቀን ይይዛል። እናቴ ድሬዳዋ ሁለት ሳምንት ቆይታ ስትመለስ የሄደችበት ቀን ቅጂ እንዲጠብቃት ከተፈለገ 2 ቴራባይት ግድ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? መቅረጫውና አራቱ ካሜራዎች አንድ ላይ 30 ዋት ገደማ ነው የሚበሉት። 40 አምፒር ሰዓት ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹ ብቻ ሥራ ላይ ቢውል እንኳ ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ቮልቴጁን የሚያስተካክል ዲሲ ዩፒኤስ መሀል ላይ ይግባ። ዲስክን የሚገድለው መብራት መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል ነው።

ካሜራ የመስቀሉ ነገር ግን ከዕቃው ምርጫ ይበልጣል። እናቴ ቤት ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ልጅ የመጀመሪያውን ካሜራ እንደልማዱ ከግቢው በር በላይ በውጭ በኩል ያዘው፤ ገና አልበሳም፣ በእጁ ደግፎ ምስሉን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየን። ከመተላለፊያው ማዶ ያለው የጎረቤት በር ስክሪኑን ሞላው። በሩ ክፍት ስለነበረ ደረጃው፣ ደረጃው ላይ የተቀመጠው የውሃ ጄሪካን፣ ጫማዎቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። እናቴ ብዙ አላየችም።

"ልጄ፣ ይሄማ የሰው ቤት ነው።"

"እማማ፣ በዚህ በኩል ከሆነ የሚመጣው ሰው ከሩቅ ይታያል" አላት።

"ሴቶቹ ያለ ሻሽ ብቅ ይላሉ። ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያቸው? ወደ ውስጥ አዙረው፤ የእኔን በር የነካ ብቻ ይታየኝ።"

አዞረው። ካሜራው አሁን ያለው ግቢው ውስጥ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አራት ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ በሩን ከውስጥ ያያል። የሚገባው ሰው ፊቱን ይዞ ወደ ካሜራው ነው የሚመጣው፤ ከላይ ወደ ታች ኮፍያ ከማየት በብዙ ይሻላል። አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል። መተላለፊያው ላይ ፀሐይ አለ፣ በሩ ሥር ጥላ ነው፤ ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነው ደብሊውዲአር የሌለው ካሜራ የሚገባውን ሰው ጥቁር ጥላ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስትገዙ ይህን ጠይቁ። በዚያ ላይ ግቢውን የሚጋሩት ቤተሰቦች በር በካሜራው ዓይን ውስጥ ከገባ፣ መቅረጫው ላይ ያንን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አለ፤ ሸፍኑት። ሸፍናችሁም ጥሯቸውና ስክሪኑን አሳዩአቸው። እኛ ቡና ተፈልቶ ሁሉም ካዩ በኋላ ነው ብሎኑ የጠበቀው።

የእናቴ ሐሳብ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ አንድ ጎረቤት በሌላው ካሜራ ምክንያት ከሶ ረትቷል፤ ዳኛዋ ከምስሉ ይልቅ ድምፁ ከሩቅ መቀረጹን አክብደው አይተዋል። በእኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ማይክሮፎን ያለው ካሜራ ከገዛችሁ ድምፁን አጥፉት። ጠባብ መተላለፊያ ላይ የሚወራው ሁሉ እዚያ ይገባል።

መበሳቱን በተመለከተ፣ ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ነው። ቤቱ አሮጌ ከሆነ የቅርስ መሥሪያ ቤቱን ሳታማክሩ ግድግዳ አትብሱ፤ ኬብሉም የጣሪያውን እንጨት ተከትሎ ቢሄድ ግድግዳውን መቦርቦር አያስፈልግም። መቅረጫውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ሌባ ከገባ መጀመሪያ የሚነቅለው እሱን ነው። የእኛ ኪርታት በሚባለው ክፍል፣ አየር በሚያስገባ የተቆለፈ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ወደ ሳሎን የሚመጣው የቴሌቪዥኑ ኬብልና የማውሱ ሽቦ ብቻ ነው።

ከቶሮንቶ ሆኖ የማይታሰብ ሌላም ነገር አለ። የጀጎል ግድግዳ ኖራ ይቀባል። ካሜራ በሌሊት የሚያየው ራሱ በሚረጨው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ከተሰቀለ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ነጥሮ ይመለስና ምስሉ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ከግድግዳው ወጣ አድርጎ መስቀል ወይም የግድግዳው ጠርዝ ምስሉ ውስጥ እንዳይገባ ማዞር ያስፈልጋል። በዓል ሲደርስ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ካሜራዎቹን በፌስታል አስሩልኝ ብላችሁ ንገሩ። የደረቀ ኖራ ከመስታወት ላይ ሳይጭር አይለቅም።

ጅቡም አለ። ማታ መተላለፊያው ለጅብ ነው፤ የግቢው በር ገርበብ ካለ ብቅ ብሎ ይሄዳል። ለማንኛውም እንቅስቃሴ እንዲጮህ የተስተካከለ መቅረጫ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ እናቴ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። አዳዲሶቹ ዲቪአሮች ሰውን ከእንስሳ ይለያሉ፤ ማስጠንቀቂያው ለሰው ብቻ እንዲሆን አድርጉት። ቀረጻው ግን ይቀጥል።

ሰዓቱን ባለሙያው ሳይሄድ አረጋግጡ። ብዙዎቹ መቅረጫዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በቻይና ሰዓት የተሞሉ ናቸው፤ ከእኛ አምስት ሰዓት ይቀድማሉ። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ የሆነ ነገር በነጋታው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተመዝግቦ ከተገኘ ፖሊስ ጋ ይዞ መሄድ ጣጣ ነው። በአገራችን አቆጣጠር እንዲሆን ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልስም አለ፤ ይህን አታድርጉ፣ ከስልክ መዝገብ ጋር አይገጥምም። ስክሪኑ ላይ 21:00 ሲል ምሽት ሦስት ሰዓት መሆኑን በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ ይበቃል። የግድ ከካናዳ የመጣ መቅረጫ ከሆነ ደግሞ ከ60 ኸርዝ ወደ 50 ኸርዝ ቀይሩት፤ አለበለዚያ ሌሊት አምፖሉ ሥር ምስሉ ይርገበገባል። ጉምሩክ ምን እንደሚጠይቅም ሳትነሡ አጣሩ።

ስለ ይለፍ ቃሉም ሳልነግራችሁ አልለፍ። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሚራይ የተባለው ቫይረስ የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን አሰልፎ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ለሰዓታት ከአገልግሎት ውጭ አድርጓል። ባለሙያው የሚያስገባውን ቁጥር እሱ ከሄደ በኋላ ቀይሩት። ዋናው የይለፍ ቃል እዚያው ላለ ሰው ይሁን፤ በእኛ ቤት ታናሽ ወንድሜ ይዞታል፣ ቅጂ ወደ ፍላሽ ማውጣትም ተምሯል። ኢንተርኔት ባለ ጊዜ ከቶሮንቶ እንዳይ ለእኔ የተሰጠኝ ሁለተኛ ተጠቃሚ ሆኜ ነው፤ ዝቅተኛ ጥራት ባለው ምስል፣ አንድ ቻናል ብቻ፣ የግቢውን በር። ሳሎን መግቢያውንና ጓሮውን የሚያዩት ካሜራዎች እናቴ ካልፈቀደች ቶሮንቶ አይደርሱም፤ እስካሁንም አልፈቀደችም።