አዲስ አበባ የተወለደው የሎርድ ልጅ ልጅ

አበሻ ከአበሻ ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ባሕር ተሻግረን እዚህ ሜርስታ ድረስ ይዘነው መጥተናል። ወላጆች ለቡና ተሰብስበን የልጆቻችን ነገር ሲነሣም «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለን እንጽናናለን። ውድ አንባብያን፣ ይህን አባባል እንድጠራጠረው ያደረገኝ የአንድ እንግሊዛዊ መኮንን ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዊልፍሬድ ቴሲጀር በዘር ከሆነ የሚታማ አይደለም። አያቱ ጄኔራል ሎርድ ቼልምስፎርድ በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱ፣ በ1879 ደግሞ ኢሳንድልዋና ላይ ጦራቸው በዙሉዎች የተደመሰሰባቸው ሰው ናቸው። አጎቱ የሕንድ እንደራሴ ነበሩ። አባቱ ከ1909 እስከ 1919 በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል።

ልጁ ግን በ1910 የተወለደው አዲስ አበባ፣ ሌጋሲዮኑ ግቢ ውስጥ፣ ሣር ክዳን በሆነ የጭቃ ቤት ነው። በ1916 የልጅ ኢያሱ ነገር ሀገር ሲያምስ ራስ ተፈሪ ሕፃኑን አስፋ ወሰንን በአደራ ያስቀመጡት እዚያው ግቢ ነበር። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ ድል አድራጊው ሠራዊት በጃንሜዳ ሲሰለፍ የስድስት ዓመቱ ቴሲጀር ቆሞ ተመለከተ። ያንን ቀን እስከ እርጅናው አልረሳውም።

በ1919 ወደ እንግሊዝ ተወስዶ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆይ አባቱ ሞቱ። ያየውን ለጓደኞቹ ቢያወራ ውሸታም አሉት። ከዚያ በኋላ ኢተንን፣ ኦክስፎርድን፣ የመኳንንት ልጆች የሚያልፉበትን በር ሁሉ አለፈ። ልቡ ግን አዲስ አበባ ቀርቶ ነበር። በ1930 ንጉሠ ነገሥቱ ለዘውድ በዓላቸው በስሙ ጠሩትና ሄደ። በ1941 ከዊንጌት ጦር ጋር ሆኖ ከአርበኞች ጎን ተዋጋ፤ አጊባር ላይ የነበረውን የጣሊያን ጦር እጅ በማሰጠቱም ተሸለመ።

እንግሊዝ በ1941 ለራሷም ጥቅም እንደተዋጋች አይጠፋኝም። ቢሆንም አያትየው ሊወጋት የመጣባትን ሀገር የልጅ ልጁ ነፃ ሊያወጣ መጣ። ዘሩ አንድ ነው፤ የወታደርነት ሙያውም አንድ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አዲስ አበባ ውስጥ ያለፉት ዘጠኝ የልጅነት ዓመታት ናቸው። ቴሲጀር ራሱ በ1987 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ማንነቱን የሠራው ያ ልጅነት መሆኑን መስክሯል።

እንግዲህ እኛስ? ልጆቻችን እዚህ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፣ የአርላንዳን አውሮፕላን እያዩ፣ በፔንደልቶግ እየተመላለሱ ያድጋሉ። አያታቸው ፊታውራሪ ይሁኑ ገበሬ፣ ሲያረጁ የሚናፍቃቸው ሜርስታ ነው። በዚህ መቆጣት ወንዝ ለምን ቁልቁል ፈሰሰ ብሎ እንደ መቆጣት ነው። በእጃችን ያለው በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን እንደሚያዩና እንደሚሰሙ መወሰን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ አማርኛ ከሰሙ፣ ቡናው ከሸተታቸው፣ ሽማግሌ ሲከበር ካዩ፣ ያም የሜርስታ ልጅነታቸው አካል ይሆናል። ካላዩ ግን የፊታውራሪ ደም ብቻውን አማርኛ አያስተምርም።

ከዚሁ ሰው ለእኛ ለወላጆችም የሚተርፍ ማስጠንቀቂያ አለ። ቴሲጀር የወደዳት ኢትዮጵያ የፈረስና የጦር ሰልፍ ኢትዮጵያ ነበረች። መኪናና አውሮፕላን የድሮውን ዓለም አጠፉብኝ እያለ እስኪሞት፣ እስከ 2003 ድረስ፣ አዘነ። እኛም የወጣንባትን ቀን ኢትዮጵያ እንደ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ልጆቻችን ለምን አልመሰሏትም ብለን እናዝናለን። ሀገሪቱ ግን እኛን ቆማ አልጠበቀችም፤ ልጆቹም አይጠብቁንም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ልጆቻችን የማን ልጆች እንደሆኑ መንገሩን አንተው። ከዚያ በፊት ግን የት እንዳደጉ እንጠይቃቸው፤ ሲነግሩንም ውሸታም ሳንል እንስማቸው።