ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል፤ የአዲስ አበባ ወንዞችና የክረምቱ ጐርፍ

አዲስ አበባ በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የበለጠ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በደቡብ ያለው የአቃቂ ሜዳ ግን በ2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተኝቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሠላሳ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህ ምክንያት በከተማይቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ ከላይ ወደ ታች፥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሮጣል። ስለዚህ አዲስ አበባን ለማወቅ የሚሻ ሰው ጐዳናዋን ትቶ አንድ ቀን ወንዞችዋን ተከትሎ ቢወርድ፥ ከአደባባይዋ ላይ የማይታየውን የኑሮዋን ነገር ይመለከታል። ለዚህ ገጽ የመረጥነውም ጉዞ ይኸው ነው።

መነሻችን እንጦጦ ይሁን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በዚያ በተቀመጡበት ዘመን የተራራው ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናመነ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ከተማይቱ ወደ ሜዳው ከወረደች በኋላም የማገዶው ችግር እየጸና ስለ ሄደ፥ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ ዓመታት መተከል ጀመረ። ይህ ዛፍ ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት ወደ ሌላ ስፍራ እንዳትዛወር ረድቷልና ውለታው አይካድም። ነገር ግን የባሕር ዛፍ ጥላ የጽድን ጥላ አይተካም። በጽድና በወይራ ሥር ቁጥቋጦና ሣር ይበቅላል፤ ብስባሹም በላዩ ተነጥፎ ይከማቻል። በባሕር ዛፍ ሥር ግን የሚበቅለው ጥቂት ነው፤ የወደቀውንም ቅጠል እናቶች ጠርገው በጀርባቸው ተሸክመው ለምጣድ ማገዶ ወደ ከተማ ያወርዱታል። እነዚህን እናቶች የሚወቅስ ቢኖር ያን ሸክም አንድ ቀን እንኳ ተሸክሞ ይሞክረው። የሆነው ሆኖ መሬቲቱ ልብስዋን ተገፍፋለች።

የዝናብ ጠብታ በቅጠልና በሣር ላይ ሲወድቅ ኃይሉ ይበርዳል፤ ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርጋል፤ በአፈሩም ውስጥ እየተጣራ ከብዙ ቀንና ከብዙ ወር በኋላ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በተራቆተ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን አፈሩን እንደ መዶሻ ይመታዋል፤ የላላውን ደቃቅ አፈር ይዞ ወዲያው ይንደረደራል። እንግዲህ አንዱ ዝናብ እንደ ተቀበለው መሬት ሁኔታ ወይ የበጋ ምንጭ ወይ የክረምት ጐርፍ ይሆናል።

ከእንጦጦ ወገብ ተነሥቶ የሚወርደው ቀበና ነው። ግንፍሌና ባንተ ይቀጡ ወደ እርሱ ይገባሉ። የእነዚህን ወንዞች ስም ልብ ብሎ የሰማ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ አንዱ መገንፈልን ያስታውሳል፥ ሁለተኛው ቅጣትን ይጠራል። በበጋ ሰው ጫማው ሳይርስ የሚሻገራቸው እነዚህ ጅረቶች በክረምት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ድልድይ የሚያናውጡ ይሆናሉ። ይህም ጠባይ ከተማይቱ በሰፋች መጠን ብሶበታል። አስፋልቱ፥ ሲሚንቶው፥ ቆርቆሮው ውኃ አያሳልፍም። አንድ ምሳሌ እንመልከት። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል፤ አብዛኛውም የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። 100 ካሬ ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ጣራ እንግዲህ በዓመት ከ110,000 ሊትር በላይ ውኃ ይቀበላል። ብርቱ ዝናብ በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፥ ከዚያ ጣራ ብቻ 3,000 ሊትር ማለት አሥራ አምስት በርሜል ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ቀድሞ በዚያ ስፍራ ሣር በነበረ ጊዜ ከዚህ ውኃ ብዙው ወደ መሬት ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቆሻሻ የሚሸከም የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በበጋ ወንዙ ከምንጭ የሚያገኘው ውኃ እጅግ ጥቂት ነው። ከየቤቱ የሚደፋው የልብስ እጣቢ፥ ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ የሚያፈተልከው ፍሳሽ፥ ከጋራዥ የሚወርደው የተቃጠለ ዘይት ግን በጋ ነው ብሎ አይቋረጥም። ስለዚህ በጥርና በየካቲት በአንዳንድ ድልድይ ሥር የሚታየውን ወንዝ ብሎ ከመጥራት ይልቅ ጣራ የሌለው የፍሳሽ ቦይ ማለት ይቀላል። መጥቆሩም መሽተቱም በውስጡ ያለው የሕይወት አየር፥ ማለት ኦክስጅን፥ ስላለቀበት ነው። ቆሻሻውን የሚያበሰብሱት ደቃቃን ነፍሳት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ውኃም በሞቀ መጠን ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ የሆነ ንጹሕ ውኃ በባሕር ዳር ቢሆን በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን አየሩ የሳሳ ስለሆነ ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። የደጋ ወንዝ ገና ከምንጩ ሲነሣ ስንቁ ትንሽ ነው ማለት ነው፤ የአየሩ ሙቀት ሲጨምር ከዚያችው ከትንሽዋ ይቀነስበታል።

ቀጥሎ የበልግ ወይም የሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ይመጣል። ሰው ሁሉ ከተማው ታጠበ ብሎ ደስ ይለዋል። እውነት ነው፥ ከተማው ታጥቧል፤ የታጠበበት እድፍ ግን ወዴት ሄደ? በደረቁ ወራት በመንገድ ላይ የተከማቸው ከአውቶሞቢል ጎማ የተፋቀው ብናኝ፥ በአስፋልቱ ላይ የተንጠባጠበው ዘይትና ናፍጣ፥ ከቆርቆሮ ጣራ የሚሟሟው ዚንክ፥ የከብቱና የውሻው ፋንድያ፥ በየቦዩ የተጣለው ላስቲክ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ሊቃውንት የዝናብን ውኃ ሲመረምሩ የመጀመሪያውን ጐርፍ ለብቻው ይቀዱታል፤ ከረዥም ድርቀት በኋላ በመጀመሪያ የሚወርደው ውኃ በኋላ ከሚከተለው ይልቅ እጅግ የቆሸሸ ሆኖ ይገኛልና።

በሐምሌና በነሐሴ ውኃው ስለሚበዛ እድፉ ይቀጥናል፤ ሽታውም ይቀንሳል። ነገር ግን ያን ጊዜ ሌላ መከራ ይመጣል። ጐርፉ በወንዝ ዳር የተቆፈሩትን የመጸዳጃ ጉድጓዶች ሞልቶ ያፈሳቸዋል። በ2008 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ በአዲስ አበባ የታየው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት እንደዚህ ባለው በተበከለ ውኃና ምግብ የሚተላለፍ ደዌ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ድንገት የወረደው ጐርፍም የሰው ሕይወት አጥፍቷል። የዓለም አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ የመያዝ ኃይሉ በእንፋሎት 7 ከመቶ ያህል ይጨምራል ይላሉ የአየር ጠባይ ሊቃውንት፤ ዝናቡም ሲወርድ ከቀድሞው ይልቅ በአንድ ጊዜ በርትቶ ለመውረድ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚወድቀው ከዓመት ወደ ዓመት በአስፋልትና በቆርቆሮ በሚሸፈን ተዳፋት ላይ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

ቀበናን ይዘን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስንወርድ ከትልቁ አቃቂ ጋር እንገናኛለን። ትልቁ አቃቂ የሚመጣው ከምሥራቅ በኩል ሲሆን፥ በላዩ የከተማይቱ የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምበት የለገዳዲ ግድብ አለ። በዚያ የሚበዛው እርሻ ነው። ቢሆንም ወደ ግድቡ የሚገባው የክረምት ውኃ እንደ ጭቃ የደፈረሰ ነው። ለጤፍ የሚዘጋጀው ማሳ ብዙ ጊዜ እየታረሰና እየለሰለሰ የሚቆየው በትክክል ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ነውና፥ መሬቲቱ ዕራቁትዋን ሆና የክረምቱን በትር ትቀበላለች። የሚታጠበውም አፈር እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ለቀናት ቢቀመጥ እንኳ አይጠልልም፤ ስለዚህ በማጣሪያው ጣቢያ አሉሚኒየም ሰልፌት የተባለውን መድኃኒት ጨምረው እንዲረጋ ያደርጉታል። ከከተማው ቤት በቧንቧ በሚወርደው ውኃና ከሩቅ ባለው ገበሬ ሞፈር መካከል ይህን የመሰለ ዝምድና አለ። በማሳው ዳር እርከን ቢሠራ፥ ወንዙ ዳር ሣርና ዛፍ ቢተው፥ ለመድኃኒቱ የሚወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፤ ለገበሬውም አፈሩ ይቀርለታል።

ትንሹ አቃቂ ደግሞ ከምዕራብ፥ ከገፈርሳ በኩል ተነሥቶ በኮልፌ፥ በመካኒሳና በላፍቶ አድርጎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። የከተማይቱ የቆዳ ፋብሪካዎችና ሌሎችም ብዙ ፋብሪካዎች የተሠሩት በዚህ ወንዝ ዳር ነው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የተባለው ማዕድን ሳይጣራ በተለቀቀ ጊዜ ከወንዙ ደለል ጋር ተቀላቅሎ ይቀመጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ጀምሮ ፋብሪካ ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቅ ሕግ አለ፤ ሕግና አፈጻጸም ግን በአንድ ቀን የተወለዱ ወንድማማቾች አይደሉም።

በዚህ ስፍራ ነገሩ ወደ እመቤቶች ማዕድ ቤት ይደርሳል። በቄራ፥ በመካኒሳ፥ በላፍቶና በአቃቂ ከወንዝ ዳር ያሉ አትክልተኞች ወንዙን እየጠለፉ ሰላጣ፥ ቆስጣ፥ ጎመንና ካሮት ያመርታሉ። እነዚህ ሰዎች ትጉሃን ናቸው፤ ሌላ ውኃም የላቸውም። ሊቃውንት ግን በዚህ ውኃ ያደገውን አትክልት በመረመሩ ጊዜ ክሮምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ማዕድናት፥ የሆድ ትላትል እንቁላልም አግኝተውበታል። አትክልቱን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ አፈሩንና ከላዩ ያለውን ተውሳክ ይቀንሳል፤ ቀቅሎ መብላት ተውሳኩን ይገድላል። በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ የገባው ማዕድን ግን በማጠብም በመቀቀልም አይወጣም። ይልቁንም ቅጠላ ቅጠሉ ከሌላው የበለጠ ስለሚሰበስበው፥ ለሕፃናት የሚቀርበውን ሰላጣና ቆስጣ ከየት እንደመጣ ባለሱቁን መጠየቅ ነውር የለበትም። ትናንት ከደጃፍ ወደ ቦይ የተደፋው ውኃ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሳህን ላይ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

መንግሥት በቃሊቲ ያለውን የፍሳሽ ማጣሪያ አስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ያህል እንዲያጣራ አድርጎታል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሸገርን ማስዋብ በተባለው ዕቅድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንዲለማ ተጀምሯል። የተሠራው መናፈሻ ለዓይን የሚያስደስት ነው። ሆኖም ዳርቻው ቢያምር ውኃው የሚመጣው ከዳርቻው አይደለም፤ ከጣራው፥ ከግቢው፥ ከተዳፋቱ ነው። በግቢ ውስጥ ሲሚንቶው በሙሉ ሳይለበጥ ጥቂት ሣር ቢተው፥ የጣራው ውኃ በርሜል ቢቀመጥለትና ለልብስና ለአትክልት ቢውል፥ የመጸዳጃው ጉድጓድ ሳይሞላ ቢመጠጥ፥ የጋራዡ ዘይት በጣሳ ቢሰበሰብ፥ ይህ ሥራ ከባለ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ አያሻውም።

ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ነው። ይህ ግድብ በ1932 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ሲሆን፥ በአገራችን በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ከሰጡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ኃይሉም 6.6 ሜጋ ዋት ነበር። ደለሉ እየሞላው፥ መሣሪያውም እያረጀ ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በ2000ዎቹ መጨረሻ በቻይና እርዳታ ታድሷል። በሐይቁ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ምንጣፍ ከሩቅ ለተመለከተው መስክ ይመስላል። እምቦጭ ነው። ከመጸዳጃውና ከእርሻው ማዳበሪያ የሚመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መኖው ስለሆነ፥ ከተማው በላከለት መጠን ይፋፋል።

ከአባ ሳሙኤል የሚወጣው ውኃ ወደ አዋሽ ገብቶ በ1952 ዓ.ም. በተሠራው በቆቃ ግድብ ይጠራቀማል። እዚያም ደለሉና እምቦጩ ተከትለውታል። ከቆቃ በታች የአዳማ ሕዝብ ከአዋሽ እየቀዳና እያጣራ ይጠጣል፤ የወንጂ ሸንኮራ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ በአፋር ምድር ግመሉና ከብቱ ይጠጡታል። አዋሽ ወደ ባሕር አይደርስም። በጅቡቲ ጠረፍ በአቤ ሐይቅ ያልቃል፤ ውኃው ከዚያ ወደ ሰማይ ይተንናል፥ የተሸከመው ጨውና ደለል ግን እዚያው ይቀራል።