የሞተሩ ፊደል

እኛ ጢስ ዓባይ ላይ ሞተር ሳይክል እንጠግናለን። ሥራውን የተማርነው በማየት ነው። ሌላው ሲፈታ አይተን ፈታን፤ ሲገጥም አይተን ገጠምን። ዓይንና እጅ ካለ ይበቃል እንል ነበር። እንደማይበቃ ያወቅነው በአንዲት ካቴና ነው።

አንድ ቀን አንድ አባት ሞተር ሳይክላቸውን አመጡልን። ሞተሩ ከውስጥ ይንኳኳል።

«ልጆቼ፣ ቡላ በሬዬን ሸጨ ነው የገዛኋት። ልጄ በእሷ ነው ባሕር ዳር የሚመላለሰው። አደራ!» አሉን።

«አይዞዎት አባባ፣ ዛሬውኑ ትነሳለች» አልናቸው።

ሞተሩን ስንፈታው የውስጡ ካቴና ረዝሟል፤ የመዘውሮቹም ጥርስ ተበልቷል። ዘይት በጊዜው ካልተቀየረ እንዲህ ይሆናል። ይህ ካቴና የኋላ ጎማውን ከሚያዞረው የተለየ ነው። ቀጭን ነው፤ በሞተሩ ሆድ ውስጥ በዘይት ይሠራል።

ሥራው ምንድን ነው? ከታች ኮሎ የሚባል ዘንግ አለ። ፒስቶኑን ወደ ላይና ወደ ታች ያመላልሳል። ከላይ ካምሻፍት የሚባል ሌላ ዘንግ አለ። እሱ ቫልቮላ የሚባሉትን በሮች ይከፍታል። አንዱ በር ቤንዚንና አየር ያስገባል፤ ሌላው ጭስ ያስወጣል። ካቴናው ሁለቱን ዘንጎች ያገናኛል። የላይኛው መዘውር ጥርስ የታችኛው እጥፍ ነው። ስለዚህ ኮሎው 2 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ 1 ጊዜ ይዞራል። በሩ መዘጋት ባለበት ጊዜ ካልተዘጋ፣ ፒስቶኑ መጥቶ ሊመታው ይችላል።

እኛ ይህን አላሰብንም። አዲሱን ካቴናና መዘውር በግምት ገጠምን። ለማስነሳት ስንረግጠው ሞተሩ ያዘ። «አዲስ ስለሆነ ጠብቆ ነው» አልንና በኃይል ደገምነው። ቋ! አለ። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ እንደገና ስናወርደው አንዱ ቫልቮላ ጎብጧል። አፈርን። የሰው በሬ በእጃችን ሊሞት ነው።

አባባ ግን አልተቆጡም። መነጽራቸውን አድርገው አጠገባችን ቁጭ አሉ። እሳቸው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ማግኔት ያለበትን ክብ ብረት በጨርቅ ጠረጉት።

«እዚህ ላይ ጽሕፈት አለ። ሰው ያለ ነገር ብረት ላይ አይጽፍም» አሉን።

ስናይ እውነትም ሁለት የፈረንጅ ፊደላት አሉ፤ በየአጠገባቸውም ጭረት አለ። አንዱ ፊደል በምሰሶ ላይ አግዳሚ የተጋደመበት ይመስላል። ሌላው ሁለት አግዳሚ አለው፤ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ወጥተዋል። ስንት ሞተር ፈትተን ይህን አይተን አናውቅም።

ባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቫልቮላውን ከኪሳችን ልንገዛ ሄድንና አንድ የቆየ መካኒክ ጠየቅን። «የመጀመሪያው ቲ ነው። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ያሳያል። ሁለተኛው ኤፍ ነው። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ነው። ካቴና የሚገጠመው በቲ ነው፤ እንዳታምታቱ» አለን።

ተመልሰን እንዲህ አደረግን። ካቴናው ወደ ታች እንዳይወድቅ በሽቦ አሰርነው። ኮሎውን በቁልፍ አዙረን፣ የቲን ጭረት ከሞተሩ አካል ምልክት ጋር አጋጠምን። የላይኛውን መዘውር ምልክት ደግሞ ከቴስታታው ምልክት ጋር አስተካከልን። ሁለቱም ሳይነቃነቁ ካቴናውን አለበስን። ብሎኖቹን አጠበቅን። ካቴናውን የሚወጥረውን መግፊያ ወደ ቦታው መለስን።

አሁን ለመርገጥ አልቸኮልንም። ካንዴላውን አውጥተን ኮሎውን በእጅ፣ በቀስታ፣ 2 ሙሉ ዙር አዞርነው። ቢይዝ ኖሮ አንገፋም ነበር፤ ፈትተን እንፈትሽ ነበር። አልያዘም። ምልክቶቹም ተመልሰው ገጠሙ።

ሞተሩ በአንድ እርግጫ ተነሳ። አባባ ሳቁ።

«ፊደል ስቆጥር «በላ» እና «ቡላ» ይምታቱብኝ ነበር። ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ናት። እናንተም ያችን ጭረት ሳታዩ ቡላዬን ልትበሉት ነበር!»

ከዚያ በኋላ እኛም ማታ ማታ ትምህርት ገባን። ወገኖች፣ ጽሕፈት በደብተር ላይ ብቻ አይደለም። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ አለ። በማዳበሪያ ከረጢት ላይ አለ። በዘይት በተለወሰ ብረት ላይም አለ። ምልክቱ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ስለዚህ በየጊዜው መፈለግ ያስፈልጋል። ዛሬ ሞተር ሲመጣልን ከካቻቢቴ በፊት ጨርቅ እናነሳለን። ጠርገን እናነባለን፤ ከዚያ እንፈታለን።