ቾፓው፦ በድምፅ የሚተነፍስ ሞተር

ከኬምኒትስ በባቡር መጥቶ ኤርድማንስዶርፍ የወረደ መንገደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ሥራ በጀመረው በገመድ በሚጎተት ባቡር ሽቅብ ወደ አውጉስቱስቡርግ ይወጣል። የሳክሶኒው ገዥ አውጉስት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለአደን ማረፊያ ያሠራው ቤተ መንግሥት ተራራው አናት ላይ ተንሰራፍቷል። እኔን ወደዚያ የሳበኝ ግን በውስጡ ያለው የሞተር ሳይክል ሙዚየም ነው።

ከዚያ ብዙ ሳይርቅ፣ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ፣ ቾፓው አለች። ዴንማርካዊው ራስሙሰን የመሠረተው ዲኬደብልዩ በ1920ዎቹ መጨረሻ የዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች የነበረው እዚህች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካው በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እጅ ገብቶ መጀመሪያ ኢፋ፣ በኋላም ኤምዜድ ተባለ። አዎ፣ በደርግ ዘመን በጭነት መኪናው የምናውቀው ያው ኢፋ!

የኤምዜድ የውድድር ክፍል ኃላፊ ዋልተር ካደን በጀቱ ጠባብ ነበር፤ በእጁ ያለውም ተራ ቱ ስትሮክ ሞተር ነው። ቱ ስትሮክ ቫልቮላ የለውም። ፒስቶኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። ችግሩ፣ አዲሱ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ሲገባ የጭስ መውጫውም ክፍት ነው፤ ከገባው ከፊሉ ሳይቃጠል ሾልኮ ይሄዳል።

መላው የተገኘው ማርሚታው ላይ ነው። ሐሳቡን ከካደን በፊት የጀመሩ ነበሩ፣ ዳር ያደረሰው ግን እሱ ነው። ጭሱ ፈንድቶ ሲወጣ የግፊት ሞገድ ይፈጥራል። ቱቦው እየሰፋ ሲሄድ ከዚያ የሚመለሰው ሞገድ ሲሊንደሩን ይስበዋል፣ የቀረውንም ጭስ ጠርጎ ያወጣል። ቱቦው መልሶ ሲጠብ ደግሞ ሞገዱ ነጥሮ ይመለስና፣ ፒስቶኑ ቀዳዳውን ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ያመለጠውን ድብልቅ መልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ያጭቀዋል። አንድም ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሳይጨመር! ድምፅ የፓምፕ ሥራ ይሠራል፤ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ካደን ሞገዱን በኦሲሎስኮፕ እየተመለከተ ነበር የቱቦውን ቅርፅ የሚያርመው።

ቾፓው አጠገብ አሮጌ የውድድር ሞተሮች የሚያድሱ አንድ አዛውንት የመግቢያውን ክዳን ፈትተው ሌላውን ምሥጢር አሳዩኝ፤ ከዳሩ እንደተቆረሰ ቂጣ ያለ ስስ የብረት ዲስክ። በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ተሰክቶ በካርቡራተሩና በሞተሩ መካከል ይሽከረከራል፤ የጎደለው ጎን ሲደርስ መግቢያው ይከፈታል፣ ሙሉው ሲመጣ ይዘጋል። መግቢያውን የሚቆጣጠረው ፒስቶን ቢሆን ኖሮ፣ ጫፍ ከመድረሱ በፊት የከፈተውን ያህል ከደረሰም በኋላ ክፍት ያቆየው ነበር፤ የተሳበው ድብልቅም በካርቡራተሩ ተመልሶ ይተፋል። ዲስኩ ግን ቀድሞ ከፍቶ በጊዜ ይዘጋል። ካደን ይህንን የወሰደው ዳንኤል ዚመርማን ከተባለ የአገሩ ሰው ነው። አዛውንቱ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ብሞርደው ጠባዩ ይለወጣል» አሉኝ።

ውጤቱን በቁጥር ላስቀምጠው። የ1939ኙ ዲኬደብልዩ አርቲ 125 ጉልበቱ 4.75 ፈረስ ነበር። በ1961 የካደን ሞተር ከዚያው 125 ሲሲ፣ በደቂቃ 10,800 ዙር፣ 25 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ በሊትር ሲሰላ 200 መሆኑ ነው። የበርሊን ግንብ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ግን፣ ለዓለም ሻምፒዮንነት ይፎካከር የነበረው ተወዳዳሪው ኤርንስት ዴግነር ከስዊድኑ ውድድር ኮበለለና ዕውቀቱን ይዞ ሱዙኪ ገባ። በ1962 በ50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ቱ ስትሮክ ሞተር ያን ማዕረግ ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር። ክብሩ ለቾፓው ይገባ ነበር እላለሁ።

አዛውንቱ ሞተሩን አስነሱት። በዝቅተኛ ዙር ይንተባተባል፣ ያስላል። ዙሩ ጨምሮ ሞገዱ ጊዜውን ሲገጥም ድምፁ በአንዴ ጠርቶ ይሰላል፤ የጋራዡ መስኮት ይንቀጠቀጣል። ማርሚታው ቢያጥር ጉልበቱ ከዚህም ከፍ ባለ ዙር አይመጣም ወይ ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይመጣል» አሉ። «ግን የዚህ ተራራ መንገድ ጥምዝምዝ ነው። ከመታጠፊያው ስትወጣ ጉልበቱ ገና አልደረሰልህም። ለዳገት ረጅሙን ነው የምገጥመው።»

ግድግዳው ላይ በመጠን በመጠናቸው የተሰቀሉት ማርሚታዎች ለካ ለዚህ ኖሯል።